ለጥጃ ያልነፈግነው እንገር

መቅደስ ልጄ፣ እንዳታሳምሪው። የምለውን ብቻ ጻፊ። በመጽሐፍ ቋንቋ ካደረግሽው ኮሶዬ ላይ ሲነበብ «ይኸማ ደብሬ አይደለችም» ይላሉ፣ ድካማችን ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ደብሬ እባላለሁ። አገሬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲኬድ፣ ከኮሶዬ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ፊደል አልቆጠርሁም። አባቴ ወንድሞቼን ለየኔታ ሰጠ፣ እኔን ለጥጆቹ። ሥራዬ ማዋለድ ነበር። ስንት ልጅ አዋለድሽ ይሉኛል፤ አልቆጠርሁም፣ ልጅ አይቆጠርም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጡረታ ስል ገንዘብ ያለው እንዳይመስላችሁ፣ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥሁ ማለቴ ነው።

ይኸን የማጽፈው ልመሰገን ብዬ አይደለም። አበቡ የምትባል ሴት አጽፊ ስላለችኝ ነው። የአበቡ ምራት እርጉዝ ናት፣ ቀኗ ደርሷል። የምራቷ እናት ደግሞ «አበቡ አራስ ቤት አትገባም፣ ልጁንም አትታቀፍም፣ ጡቷ መራራ ነው» ብላለች። ይኸ ወሬ የቆየ ወሬ ነው። ውሸት መሆኑን ከሁሉ በፊት ያወቅሁ እኔ ነኝ። አውቄ ዝም አልሁ። እንግዲህ ከሥሩ ልናገር።

ሥራውን ያስተማረችኝ የአባቴ እኅት፣ እቴ ዘነቡ ናት። ቀጭን፣ ቁመቷ አጭር፣ ሳቅ የማታውቅ ሴት ነበረች። ምጥ ላይ ተጠርታ ስትሄድ እንደ ሌላው ዘላ ሴቲቱ ላይ አትወድቅም። ገብታ ምድጃው ዳር ቁጢጥ ትላለች። እጇን ታሞቃለች። ሲሞቅ ብብቷ ሥር ትከተዋለች፣ እንዳይበርድ። ቤተሰቡ ይቁነጠነጣል፤ እሷ ጉዳይዋም አይደል። «ብርድ እጅ ማኅፀንን ያስደነግጣል» ትላለች። ጥፍሯን ቅዳሜ ቅዳሜ በምላጭ ትቆርጥ ነበር። እናቲቱ ትኩስ ነገር ሳትቀምስ እሷ እህል አትቀምስም።

ደግሞ «አይዞሽ» አትልም። እኔ መጀመሪያ ሰሞን አንዷን «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ስል ሰምታኝ ውጭ ጠራችኝ።

«ደብሬ፣ አይዞሽ የሚል ሊሄድ የተነሣ ሰው ነው። ‹አለሁ› በይ።»

ከዚያ ወዲህ «አለሁ» እል ነበር። ኋላ ላይ ግን በሚያስፈልግበት ቦታ አልነበርሁም።

ማጥባቱን ነው ከሁሉ በላይ ያስተማረችኝ። «መውለዱን ማርያም ታግዛለች፣ ማጥባቱ ግን የሰው እጅ ይፈልጋል» ትል ነበር። አዲስ እናት ምንም አታውቅም። ጡቷን በሁለት ጣት ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ልጁ አፍ ላይ ልትጥል ትሞክራለች። ልጁ ጫፉን ይነክሳል፣ እሷ ትጮሃለች፣ አማቷ «ወተት የላትም» ትላለች፣ አለቀ።

እቴ ዘነቡ እንዲህ ነበር የምታደርገው። እናቲቱን ግድግዳ ታስደግፋለች። ጉልበቷ ላይ ጋቢ አጣጥፋ ታኖራለች። ልጁን በጎኑ አዙራ ሆዱን ከእናቱ ሆድ ታገጥማለች። አንገቱን ብቻ አዙረው ያጠቡ እንደሆን «አንቺ አንገትሽን ጠምዝዘሽ ውኃ ጠጥተሽ ታውቂያለሽ?» ትላለች። ከዚያ ጫፉን የልጁን ከንፈር ታስነካና ትጠብቃለች። አፉን በሰፊው፣ እንደ ጫጩት፣ እስኪከፍት ትጠብቃለች። ሲከፍት ልጁን ወደ ጡቱ ላፍ ታደርገዋለች። ልጁ ወደ ጡት ይሄዳል እንጂ ጡት ወደ ልጅ አይሄድም። ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩንም ይጎርሳል፣ አገጩ ጡቱን ይነካል፣ አፍንጫው ይተነፍሳል። ከዚያ «ጆሮሽን አቅርቢ» ትለኛለች። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይስባል፤ ኋላ ረጋ ይላል፣ ሲውጥ ይሰማል። ጉንጩ ከሰረጎደ ጫፉን ነው የያዘው። ሲያማትም አይጎተትም፤ ትንሿን ጣት በአፉ ጥግ አስገብቶ ማላቀቅ፣ እንደገና ማስያዝ ነው።

በዚህ ሁሉ እቴ ዘነቡ አልተሳሳተችም። ዛሬ ነርሶቹ በሥዕል የሚያሳዩትን እሷ በጭላንጭል ቤት በእጇ ታሳይ ነበር። በአንድ ነገር ግን ተሳሳተች፤ እኔም ከነስሕተቷ ወረስኋት።

እንገሩ ነው። ሴት እንደወለደች የሚመጣው ቢጫና ወፍራም ወተት። «ዘጠኝ ወር ጡት ውስጥ የተኛ ነው፣ ሆድ ይቆርጣል» ይባላል። ስለዚህ ሦስት ቀን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እየጨመቅን አመድ ላይ እናፈሰው ነበር። ሰው እንዳይረግጠው ነው አመድ ላይ የሚፈሰው። እስከዚያ ልጁ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይጠጣል፣ አንጀቱ እንዲለሰልስ ለጋ ቅቤ በጣት ይውጣል። እኔም እንዲሁ ዋጥሁ፣ እናቴም፣ እናቷም። ማን ይጠይቃል?

የሚገርመው ላም ስትወልድ የምናደርገው ነው። ጥጃው እንደወደቀ እቴ ዘነቡ ራሷ ነበረች ወደ ጡቱ የምትገፋው። እንቢ ሲል ጣቷን እንገሩ ውስጥ ነክራ አፉ ውስጥ ትከተዋለች። «ይኸን ካልጠባ አይቆምም፣ ቢቆምም አይከርምም» ትላለች። እኛ የምንበላው የተረፈውን ነው። ያችው እጅ ናት። ጠዋት ለጥጃ እንገር ታጠባለች፣ ከሰዓት የሰው እንገር አመድ ላይ ታፈሳለች። እኔ በጥጃ መካከል ያደግሁ ልጅ፣ አንድ ቀን እንኳ «ምነው?» አላልሁም።

እቴ ዘነቡ ስታረጅ ሥራው ወደኔ ዞረ። ከኮሶዬ እስከ አምባ ጊዮርጊስ መንደር ለመንደር ዞሬአለሁ። ምንዳዬ አንዳንዴ ነጠላ፣ አንዳንዴ አንድ ቅል ቅቤ፣ ብዙውን ጊዜ ምርቃት ነው። አንድ ጊዜ የባለቤቴ ዘመዶች ጋ ዛሪማ ድረስ ወርጄ ነበር፣ እዚያ ባለው ሙቀት። አንዲት አራስ በአምስተኛ ቀኗ ጡቷ እንደ ድንጋይ ደድሮ፣ ቀልቶ፣ ትኩሳት ይዟት ትንቀጠቀጣለች። በጋለ ብረት ሊተኩሷት ብረቱን እሳት ውስጥ ከተውታል።

«ቆዩ እስቲ» አልሁ።

ጨርቅ በሙቅ ውኃ እየነከርሁ ደረብሁበት። ከብብቷ ወደ ጫፉ በመዳፌ ቀስ አድርጌ አወረድሁት። ትንሽ ጨምቄ ጫፉን አለሰለስሁት። ከዚያ ልጁን አገጩ ወደ ደደረው በኩል እንዲሆን አድርጌ አስያዝሁት፣ አገጩ ያለበት በኩል ይበልጥ ይሳባልና። እስከ ማግሥቱ እንዲያ ስናደርግ ጡቱ ረገበ፣ ትኩሳቱ ወረደ። ብረቱን ከእሳቱ አወጡት። አገር ምድሩ «የደብሬ እጅ ሸጋ ነው» አለ። ኩራት ገባኝ። ያ ጡት ለምን እንደ ድንጋይ እንደሆነ ግን ራሴን አልጠየቅሁም። ሦስት ቀን ልጅ ስለ ከለከሉት ነበር።

ወደ አበቡ ልምጣ።

አበቡ የከብት ጌቶች ልጅ ናት። ለአያ ፈንታ ተድራ ወደኛ መንደር መጣች። አማቷ እማማ ዝማም ይባላሉ፣ ነፍስ ይማር፣ ምላሳቸው ምላጭ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ነሐሴ ነው፣ ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ ይወርዳል። እቴ ዘነቡ አልጋ ይዛለች፣ ብቻዬን ነኝ። ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ ትንሽ ናት፣ ቀኗ ሳይሞላ የመጣች። ግን ነፍስ ያላት! እናቷ ደረት ላይ አኑሬ ወደ እትብቱ ስዞር፣ ማንም ሳያስይዛት፣ በጉልበቷ እየገፋች፣ አፏን እያላወሰች፣ ሄደችና ጡቱን ያዘች። እንዲያ ያለ አይቼ አላውቅም ነበር። እኛ ሁልጊዜ እናነሣቸዋለን እኮ፣ እንዴት እናያለን?

አነሣኋት።

«እታለም ደብሬ» አለች አበቡ፣ «ምነው? ይዛለች እኮ።»

«እንገር ነው፣ አይሆንም።»

«እንገር ቢሆንስ? የአባቴ ጥጃ እንገር ሳይጠባ ቆሞ ያውቃል?»

እማማ ዝማም ምድጃው ዳር ሆነው ከት ብለው ሳቁ። «ስሙልኝ ጎበዝ! የልጄ ሚስት ላም ነኝ አለች! እንግዲህ ፈንታን ገለባ አምጣላት በሉት!»

ቤቱ ሙሉ ሴት ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄን እንዳትዘልዪው መቅደስ፣ ጻፊው። ከሳቁት ሁሉ ጥጃ ሳረባ ያደግሁ እኔ ነኝ። እውነቷን እንደሆነ ሆዴ ያውቃል። ግን ሴቱ ሁሉ ሲስቅ እኔ ብቻዬን ምን ልበል?

«ሰው ሁኚ እንጂ አንቺ ልጅ» አልኋት። «ሰውና ከብት አንድ ነው?»

ከዚያ ጡቷን ያዝሁና ጨመቅሁ። ቢጫው አመዱ ላይ ጠብ ሲል ትንሽ ትንሽ እየሆነ ይንከባለል ነበር። አበቡ አመዱን ብቻ ታያለች።

ልጅቱን ቅቤውን በጣቴ አዋጥኋት። ትን አላት። ከንፈሯ ዳር ዳሩን ጠቆረ። ጀርባዋን መታ መታ አደረግሁ፣ ተመለሰች። «ይኸው አለች» አልን። በሁለተኛው ቀን ልቅሶዋ ቀጠነ። ደረቷ ይንኮራኮር ጀመር። ስኳሩን ብንሰጣት ባፏ ጥግ ይወርዳል። በሦስተኛው ቀን ጡቱ ተፈቀደላት። ያን ጊዜ ጡቱ ሞልቶ ደድሯል፣ ጫፉ ጠፍጥፏል። ያች ብቻዋን ሄዳ የያዘች ልጅ፣ አሁን አቅም አጣች። ትይዛለች፣ ትለቃለች። ጨርቅ አሞቅሁ፣ አለሰለስሁ፣ በሲኒ አልቤ በማንኪያ ጠብ አደረግሁላት። የዛሪማውን ሙያዬን ሁሉ አወጣሁ። ልጅ አንዴ ከደከመ ሙያ ምን ያደርጋል?

በአራተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ዝናቡ ቆም ሲል ሞተች። ክርስትና አልተነሣች፣ ስም የላት። አያ ፈንታ በነጠላ ጠቅልሎ ብቻውን ወስዶ ቀበራት።

ሰው ተሰብስቦ ተቀመጠ። እማማ ዝማም ተነሡና «ጡቷ ነው» አሉ። «መራራ ነው። ልጅቱ እየያዘች ትለቀው አልነበረም? አይታችኋል።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ደብሬ፣ የዚህ ሥራ ዐዋቂ አንቺ ነሽ። ጡቷ አይደለም?»

ሁሉም ወደኔ አየ። አበቡም አየችኝ።

«እግዜር ያውቃል» አልሁ።

አያችሁ፣ እግዜር ያውቃል ሲባል ጽድቅ ይመስላል። ያን ቀን ግን «እኔን አትጠይቁኝ» ማለቴ ነበር። «ጡቷ ደኅና ነው» ብል ታዲያ ማን ገደላት ይላሉ፤ ሁለት ሰው ነን ያለነው፣ አበቡና እኔ። የኔን ስም አድኜ የሷን ሰጠሁ።

ወሬው መንደሩን ሞላ። በሁለተኛው ዓመት አበቡ ወንድ ልጅ ወለደች፣ ማንደፍሮ። ያዋለድሁ እኔው ነኝ። እማማ ዝማም ልጁን ከእጄ ተቀብለው ለአያ ፈንታ እኅት ሰጧት፣ እሷ የሚጠባ ልጅ ነበራትና። ሲጎድል የፍየል ወተት ይጨመርለታል። አበቡ ጥግ ተቀምጣ ታያለች። ልጁ በወዲያኛው ቤት ሲያለቅስ የቀሚሷ ደረት ይርስ ነበር። ጡት አማት አይሰማም፣ ልጅ ሲሰማ ይፈሳል። እስኪደርቅ ድረስ ከቤት ኋላ እየሄደች ራሷ ትጨምቀው ነበር። ዐይቻታለሁ። አይታኛለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ አለፍሁ።

ከዚያ ወዲህ ነው አምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ ለትምህርት የጠሩን። የየመንደሩን አዋላጆች ሰበሰቡን። አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን ለአበላችን ፈረምን፣ ሳሙናና መቀስ ያለበት ሳጥን ተሰጠን። የምታስተምረን ነርስ ልጄ የምትሆን፣ መለሎ ልጅ ናት። ስቃ «እናቶቼ፣ የመጀመሪያውን ወተት ምን ታደርጉታላችሁ?» አለች።

«እንደፋዋለን!» አልን ሁላችን ባንድ አፍ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ።

ከኪሷ ሽምብራ አወጣችና መዳፏ ላይ አሳየችን። «ዛሬ የተወለደ ልጅ ሆዱ ከዚህች ብዙም አይበልጥም» አለች። «ያች ትንሽዬ እንገር ትበቃዋለች። ቢጫ የሆነው ቆሽሾ አይደለም፤ ከበሽታ የሚጠብቀው እሱ ነው። እንደተወለደ፣ ባንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። ሌላ ምንም አትስጡት፣ ውኃም ቢሆን። ቅቤ ደግሞ ተሳስቶ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ልጅ ይገድላል።»

ከኋላ አንዲት ባልቴት «ኧረ ጥጃስ እንደዚያው አይደል እንዴ!» አለች። ሴቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ ያን ጊዜ አልሳቅሁም። ሽምብራዋን እያየሁ ነበር።

በአይሱዙ ተጭኜ ስመለስ መንገድ ላይ አበቡን አየኋት፣ ከገበያ ስትመለስ። ማንደፍሮ ጥርስ እያወጣ ነው ያን ጊዜ፣ አክስቱ ጀርባ ላይ ነው፤ አበቡ ከኋላቸው ጨው ይዛ ትሄዳለች። ልውረድና ልንገራት ብዬ አሰብሁ። መኪናው አልፏት ሄደ።

ሥራዬን አስተካከልሁ፣ ይኸን አልክድም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ጠብታ እንገር አልደፋሁም፣ ለማንም ልጅ ቅቤ አላዋጥሁም። አማቶች ሲቆጡኝ ግን «ተሳስተን ነበር» አላልሁም። «መንግሥት አዟል» አልሁ። «ጤና ጣቢያ ይቀጣኛል» አልሁ።

እማማ ዝማም ይኸን ሰምተው «አይ ጊዜ! መንግሥት ጡት ውስጥም ገባ?» አሉ። ሳቅን። መንግሥት ካሉት ሰው ሁሉ ይታዘዛል፣ ልጆቹም ጠቡ፣ አደጉ። «ተሳስተን ነበር» ብል ኖሮ ግን አበቡ ትሰማው ነበር። ትእዛዝ ነው ሲባል ያለፈው እንዳለፈ ይቀራል፤ የሷ ጡት መራራ እንደሆነ ቀረ።

ከዚያ ጤና ኬላው መጣ፣ አምቡላንሱ መጣ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ «እማማ፣ ካሁን በኋላ እናቶችን ወደኛ አምጪልን እንጂ ቤት አታዋልጂ» አለችኝ። እሰይ አልሁ፣ እውነቴን ነው። ሳጥኑ ዛሬ ሽንኩርት ይቀመጥበታል። ጉልበቴ ሲደክም እዚህ ጎንደር አንቺ ቤት ገባሁ። ነገሩ ከኔው ጋር ይቀበራል ብዬ ነበር።

አንቺ ስትወልጂ ነው ያልሆነልኝ፣ መቅደስ። ሆስፒታል ልጁን ደረትሽ ላይ አስተኙልሽ። ማንም ሳይነካው እየገፋ፣ አፉን እያላወሰ፣ ሄዶ ያዘ። ልክ እንደዚያች። «እማማ፣ ምነው ታለቅሻለሽ?» አልሽኝ። «ደስታ ነው» አልሁሽ። ውሸት ነው። በሦስተኛው ቀን ጫፉ ቆስሎ ስትጮሂ፣ ግድግዳ አስደግፌ፣ አንገቱን አስተካክዬ፣ ከራስሽ ወተት ቁስሉን ቀባሁልሽ። «ይኸን ሁሉ ከየት አወቅሽው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያን ጊዜ ነው ሁሉን የነገርሁሽ። አንቺም አንድ ቃል ብቻ አልሽኝ፤ «ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለአበቡ ንገሪያት እንጂ።»

መንገዱ ሰላም ያገኘ ሰሞን ወደ መንደሩ በሚኒባስ ወጣሁ። አበቡ ደጇ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ፀጉሯ እንደኔው ነጭ ሆኗል። ተነሥታ ሳመችኝ። ምራቷ ሆዷን ይዛ ስትወጣና ስትገባ አየሁ። ያን የምራቷን እናት ነገር የነገረችኝ ራሷ ናት፣ እንደ ተራ ወሬ፣ ባቄላውን እየፈለፈለች። «አራስ ቤት አትገቢም ብለውኛል፣ እታለም። ደግ ነው፣ እውጭ ሆኜ ገንፎውን አገነፋለሁ።»

አልቻልሁም። «አበቡ» አልሁ፣ «ያች ልጅ በጡትሽ አልሞተችም። እንገሩን የከለከልኋት፣ ቅቤውን ያዋጥኋት እኔ ነኝ። ያኔ ስለ ጥጃው ያልሽው እውነት ነበር።»

እጇ መፈልፈሉን አላቆመም።

«መቼ አወቅሽ?» አለች።

«ቆይቷል።»

«ምን ያህል ቆየ?»

እዚህ ላይ ልዋሽ ነበር። «ማንደፍሮ ጥርስ ሲያወጣ» አልሁ።

ያን ጊዜ እጇ ቆመ። ከዚያ ጮክ ሳትል፣ «ጥርስ ሲያወጣ» አለች። «እንግዲህ ወተቴ ደርቆ ነበር። ያኔ ብትናገሪ ግን ታቅፌው እተኛ ነበር። ‹ጡቷን ይነካል› ብለው ከኔ ጋር አያስተኙትም ነበር እኮ። እስከ ዛሬ አክስቱን ነው ‹እማ› የሚላት። እኔን ‹አበቡ› ነው የሚለኝ።»

«ይቅር በይኝ» አልሁ፣ መሬት ስሜ።

«ተነሽ፣ ጉልበትሽ ያምሻል። ይቅርታውን ለነፍስ አባትሽ ንገሪ፣ እሱን አላውቅም። አማቴ ሞተች፣ ፈንታም ሞተ። እነሱ ሳይሰሙ ሄዱ። ለኔ ብቻ ብትነግሪኝ ምን ይሆነኛል? እኔማ ዐውቅ ነበር፣ የከብት ልጅ ነኝ።»

«ለመንደሩ እነግራለሁ። ዛሬውኑ።»

«አይሆንም። አንቺ ነገ ጎንደር ትሄጃለሽ፣ እነሱ ‹አርጅታ ቀባጠረች› ይላሉ። በአፍ የተወራብኝ በአፍ አይታጠብም። አጽፊው። በሚመጣው የማርያም ማኅበር ሴቱ ሁሉ ሲሰበሰብ ይነበብ።»

«ማን ያነበዋል?»

ባቄላዋን አነሣች። «ማንደፍሮ ያነበዋል። ተምሯል እኮ።»

እንግዲህ ማንደፍሮ ልጄ፣ እዚህ ስትደርስ አንዴ ቁም። ጠላ የሚቀዱት ይቀመጡ። ቀና በልና እናትህን እያት። ከዚያ ይኸን ጮክ ብለህ አንብብ።

የአበቡ ጡት ደኅና ነበር። ወተቷን በእጄ የያዝሁ እኔ ነኝ፣ ቢጫ፣ ወፍራም፣ ሸጋ እንገር ነበር። ልጅቱ ራሷ ሄዳ ይዛው ነበር፤ ከአፏ የነጠቅሁ እኔ ነኝ። ያን ቀን እዚያ ቤት እውነት የተናገረች አበቡ ብቻ ናት፤ የሳቅን እኛ ነን። ሚስትህ ስትወልድ ልጁ ወዲያው ይጥባ፣ ከጡት በቀር ምንም አይቅመስ። ሲጠግብ የምትታቀፈው አበቡ ናት፣ ከሁሉ በፊት።

በቃ መቅደስ። ሌላ አትጨምሪ። ቀለሙን አምጪው፣ አውራ ጣቴን ላኑርበት። ያን እንገር የጨመቀችው ይህችው ጣት ናት።